የሥዕሎች ነገረ ፈጅ

ነገረኛ የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይጣላል፣ አንዱ ከሚስቱ ወንድም ጋር በድንበር፣ አንዱ ከባጃጅ ነጂ ጋር በመልስ። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ነገሩ ይበርዳል። ሽማግሌ የማይላክለት፣ እርቅ የማይወርድለት አንድ ነገረኛ ግን አለ። ከሥዕል ጋር የሚጣላው ነው።

ይህን ሰው የማያውቅ የለም። የልጅህን የምርቃት ፎቶ ብታሳየው ልጅህን አያያትም፤ ከኋላዋ ያለውን መጋረጃ ነው የሚያየው። ካባው ኪራይ ነው ወይ ይላል። የሠርግ ፎቶ ብታሳየው የሙሽራውን ጫማ ትኩር ብሎ አይቶ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከንግግሩ ይብሳል። እሱ ከሄደ በኋላ አንተም ጫማውን ማየት ትጀምራለህ።

በደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ይህን ማዕረግ ይዘው የሚኖሩት ክቡር ነገረ ፈጅ አምደሚካኤል ናቸው። ነገረ ፈጅነቱን የሾማቸው የለም። በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ ሄደው ቅኔ ተምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ማመልከቻ ጸሐፊ ጡረታ የለውም፤ ዓይናቸው ሲደክም ራሳቸውን በራሳቸው አሰናበቱ። ዓይናቸው ግን የደከመው ለፊደል ነው እንጂ ለሥዕል አይደለም። ሙግት የለመደ ምላስ ደግሞ ቤት አይውልም።

እናም በየማለዳው ነጠላቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሚሄዱበት ቦታ የለም፤ መቀመጥ ግን አይሆንላቸውም። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ፣ ከዚህ ማዶ ባነር ወደዚያ ማዶ ባነር። የሳሙና ወረቀትም ይሁን የቀን መቁጠሪያ፣ ፎቶም ይሁን ማስታወቂያ፣ ለእሳቸው ሁሉም ያው ሥዕል ነው፤ ሁሉም ያው ተከሳሽ ነው። አንዱ ዓይናቸው ውስጥ የገባ እንደሆነ ከዘራቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ነጠላቸውን እንደ ድሮ ተሟጋች ያሸርጣሉ፣ ከዚያም ይላሉ፦

«ተጠየቅ።»

ሥዕሉ መልስ አይሰጥም። ሁልጊዜ የሚረቱት ለዚህ ነው ይላል ልብስ ሰፊው አስማማው፤ አፍ የሌለውን ማን አይረታም።

ከእነዚህ ችሎቶች አንዱም ያላመለጣት ሰው አገሬ ናት። አገሬ ከይታያል ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሸራ ዘርግታ ሽንኩርት፣ ድንችና ጎመን ትሸጣለች። ይታያል ባነር ያትማል፤ ያተመውን ከደጁ ይሰቅላል፤ የተሰቀለውን ነገረ ፈጁ ይከሳሉ። ስለዚህ ችሎቱ የሚውለው ከእሷ ሽንኩርት አናት ላይ ነው።

አገሬ ብዙ አትናገርም። ዋጋ ስትጠየቅ እንኳን በጣቷ ነው የምታሳየው። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አጭር ቃል ታነባለች። ረጅም ቃል ሲመጣ መሀሉ ላይ ይጠፋባታል። ሰው እያያት ከሆነ አጭሩም ይጠፋባታል። ሥዕል ግን ጠፍቶባት አያውቅም። ሥዕል እውነት ነው ብላ ነው ያደገችው፤ እውነት ካልሆነማ ለምን ደክመው ይሠሩታል።

ነገረ ፈጁ ያበላሹባት ይህንን ነው።

አንድ ጊዜ ፋርማሲው ግድግዳ ላይ የጥርስ ሳሙና ሥዕል ተለጠፈ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ሳሙናውን ይዞ ይስቃል። ነገረ ፈጁ ከዘራቸውን ተከሉና ይህ ሰው ማነው ብለው መንገደኛውን ጠየቁ። ሐኪም ነው ተባለ። ማን ነገራችሁ አሉ። ሰዉ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አየ፤ ሐኪም የሚል የለም፣ ስም የለም፣ የተማረበት የለም። በማግስቱ ነገረ ፈጁ ከሥጋ ቤቱ ሰውዬ ነጭ ጋውን ተውሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ፋርማሲው በር ላይ ቆሙ። ረፋዱ ላይ ከደምበጫ የመጡ አንዲት እናት ስለ ወገባቸው አማከሯቸው። አንድ ጎልማሳ ሳይጠየቅ ምላሱን አውጥቶ አሳያቸው። የፋርማሲዋ ባለቤት ወንጌላዊት ወጥታ እስክታባርራቸው ድረስ፣ እርስዎ ማን ነዎት ያለ ሰው አልነበረም። «ዋሱ ሰውየው መሰላችሁ» አሉ ጋውኑን እያወለቁ። «ዋሱ ጨርቁ ነው።»

የእሳቸው ሕግ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ሥዕል ሰውን ሊያሳምን ሲመጣ እንደማንኛውም ተሟጋች ነው የሚመጣው። ወይ ዋስ ይጠራል፤ እመኑኝ የሚል ፊት ያቆማል። ወይ ያስለቅሳል፤ አንጀት የሚበላ ነገር ያመጣል። ወይ ምስክር ይቆጥራል፤ ይኸው በዓይናችሁ እዩት ይላል። ሦስቱንም ይዞ የመጣ እንደሆነ ኪስህን ያዝ ይላሉ።

የምርጥ ዘሩ በቆሎ የመጣ ጊዜም እንዲሁ ነበር። በሥዕሉ ላይ በቆሎው ከገበሬው ራስ በላይ ወጥቶ ሰማይ ይጠጋል። ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ከበው ይደነቃሉ። ነገረ ፈጁ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጉልበቱን አሳየኝ አሉት። ሰዉ ግራ ገባው። ለካ ሥዕሉ ከሰውየው ደረት ላይ ተቆርጧል፤ ይቁም ይንበርከክ የሚታይ ነገር የለም። ነገረ ፈጁ አስማማውን ጎትተው አመጡና ከአገሬ ጎመን ጎን አንበረከኩት፤ ከበታች በኩል ጎንበስ ብላችሁ እዩ አሉ። ጎመኑ ዛፍ ሆነ። አገሬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። አስማማው ግን የሱሪውን ጭቃ እያራገፈ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ያዘ፤ ወይም የያዘ መሰለው።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን ያላለውን የሚል ሥዕል ነው። አንድ ኮሌጅ ባነር አሠርቶ ነበር፤ ጥቁር ካባ የለበሰች ልጅ ሩቅ ሩቅ እያየች ትስቃለች፣ ከኋላዋ የመስታወት ፎቅ አለ። ኮሌጁ የሚያስተምረው ከወፍጮ ቤት በላይ ባሉ ክፍሎች ነው። ሰውነት የሚባል ከጉንደ ወይን ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ገበሬ ባነሩ ሥር ቆሞ አገኙት። ሥራ ታገኛለች ብሎሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውነት አሰበና አላለኝም አለ። ፎቁ የኔ ነው ብሎሃል? አላለኝም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን አለ?

ሰውነት ራሱን አከከ። «እኔው ነኝ መሰለኝ፣ አባ።»

«አየህ» አሉት፤ ድምፃቸው በዚያን ጊዜ ለስለስ ይላል። «ሥዕል ነገሩን ጀምሮ ይተወዋል። የቀረውን አንተ ትጨርሰዋለህ። ሰው የነገረህን ትጠራጠራለህ፤ የገዛ አፍህ ያለውን ግን ማን ይጠራጠረዋል?»

አስማማው ይህን ሰምቶ ሊያጠምዳቸው ፈለገ። የቤተ ክርስቲያኑንስ ሥዕል ለምን አይጠይቁም አላቸው። ነገረ ፈጁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የኛ ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፣ ይሁዳን ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ አሉ። ይህ ከሃዲ ነው ብሎ የጻፈበት የለም፤ ሕፃን ግን ያውቀዋል። እነዚያን አልጠይቅም፣ እነሱ ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው ሄዱ።

አገሬ ይህን ሁሉ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር። የጨው ላስቲክ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይቀር፣ አንተ ደግሞ ያላልከው ምንድን ነው ማለት ጀመረች። ዕረፍት የሌለው ትምህርት ነው። አንዴ ዓይንህ ከተከፈተ ወዲያ መልሶ መክደን የለም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከሩቅ የመጡ ሰዎች መኪና ላይ የታመመ ሕፃን ሥዕል ሰቅለው፣ ሞንታርቦ ከፍተው ገበያው መሀል ገቡ። ሰዉ እያለቀሰ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ነገረ ፈጁ ግን ተጠየቅ አሉ። ሕፃኑ ከተኛበት አልጋ በላይ ያለውን ሶኬት በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፣ እንዲህ ያለ ሶኬት ባገራችን አላየሁም፣ ይህ ሆስፒታል የት ነው፣ የልጁስ አባት ከመካከላችሁ ማነው አሉ። ሰዎቹ መልሱን ሊያመጡ ሄዱ። እስካሁን አልተመለሱም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማርቆስ ሰው ለባነር እጁን ከመዘርጋቱ በፊት የነገረ ፈጁን አፍ ማየት ለመደ።

ይህ ሁሉ ለአገሬ ሳቅ ነበር። ደምለው እስኪታመም ድረስ።

ደምለው ባሏ ነው። እህል መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፤ በዕድሩ ደግሞ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። ከጥምቀት በኋላ መድከም ጀመረ፤ ዳገት ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ተኝቶ እንኳን ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ይተነፍሳል። ሐኪሞቹ ልቡ ውስጥ ያለው በር አልዘጋ ብሏል፣ እዚህ አይሠራም፣ አዲስ አበባ ይሂድ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ይሂድ አሉ። ዕድሩ ያለውን አዋጣ፤ አልበቃም። እንግዲያው ቅዳሜ ገበያ በመኪና እንውጣ፣ ባነር ይሠራ ተባለ።

ይታያል ደግ ሰው ነው፤ ባነሩን በነፃ አትማለሁ አለ። ሙያውንም ያውቃል። ሰው ሳያለቅስ አይሰጥም፣ ለማስለቀስ ደግሞ ቱቦ ያስፈልጋል አለ። ከአንድ ክሊኒክ የግሉኮስ ቱቦ ለምኖ አመጣና በፕላስተር ደምለው ክንድ ላይ ለጠፈው፤ ጫፉን የመጋረጃው ሽቦ ላይ አሰረው። ደምለው ጢሙን እንዳይላጭ ተከለከለ። ልጃቸው ማርቲ ከራስጌው ቆማ ታልቅስ ተባለ፤ እሷ ግን አባቷን በመጋረጃ ሽቦ ታስሮ ስታየው ሳቅ እያፈናት አስቸገረች። በመጨረሻ ከእናቷ ጆንያ አንድ ሽንኩርት ተፈልጎ መጣ። ነገሩ በሽንኩርት ተፈጸመ።

ይታያል ሥዕሉን በስልኩ ለደምለው አሳየው። ደምለው ትንሽ ጊዜ አየውና፣ «ይሄ ሰውዬ ግን ተርፏል?» ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም ሳቀ። አገሬ አልሳቀችም። በዚያን ሰዓት ልቧ ውስጥ ከዘራ ሲተከል ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አቃታት። ሽንኩርቱን ትደረድራለች፣ ትበትናለች፣ እንደገና ትደረድራለች። ሐሙስ ዕለት ባነሩ ታትሞ ከራሷ በላይ ተሰቀለ። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለው፤ ወገኖቻችን ከሚለው ተነሥታ መሀሉ ላይ ጠፋባት። ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው፤ አሁንማ እንደ ነገረ ፈጁ አድርጋ ነው የምታየው። ቱቦው ላይ መርፌ የለም። የመጋረጃው አበባ በአንድ ጥግ ይታያል። የማርቲ ዓይን ያለቅሳል፣ አፏ ግን ሊስቅ ነው። ይህን እኔ ካየሁት እሳቸው ምን ሊያዩ ነው ብላ አሰበች። በዚህ መሀል ከመንገዱ ማዶ የከዘራው ድምፅ መጣ።

ነገረ ፈጁ ቆሙ። አገሬ ድንቹ ላይ አቀረቀረች። ተጠየቅ የሚለውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ቀና ስትል አንዴ በአንዱ እግራቸው፣ አንዴ በሌላው ይቆማሉ።

«ይህ ሰው ማነው?» አሉ።

«ደምለው ነው።»

«የትኛው ደምለው?»

«የኔ።»

ደምለውን ያውቁታል። ዕድራቸው አንድ ነው። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ድንኳናቸውን የተከለው እሱ ነው። ሥዕሉን ደግመው አዩት፣ ከዚያ አገሬን፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን። አገሬ ተነሣች። በዕድሜዋ ይህን ያህል ረጅም ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ እንዳይጠይቁብኝ። ቱቦው የውሸት ነው፣ ከክሊኒክ የተለመነ ነው። ማርቲም ያለቀሰችው በሽንኩርት ነው። በሽታው ግን እውነት ነው። እርስዎ ተጠየቅ ካሉ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ደምለው ይሞትብኛል።»

«ለእውነት የሐሰት ምስክር ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?»

«ይታያል ነው ያለው። ሰው ሳያለቅስ አይሰጥም ብሎ።»

ነገረ ፈጁ እስከ አስማማው ደጃፍ ሄደው ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፣ ተመለሱ። ቅዳሜ ዝም ብል ዝምታዬን ያዩታል አሉ፤ ነገረ ፈጁ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው ዝም ያለው ይላሉ። ብናገር ደግሞ ቱቦው አለ። ጭራሽ ባልመጣ፣ ያልመጣሁበትን ምክንያት ሕዝቡ ራሱ ይጨርሰዋል። ከዚህ በፊት የረቷቸው ሥዕሎች ሁሉ ተሰብስበው የተበቀሏቸው ይመስል ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ድንገት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ገቡና የደምለው ሥዕል ከዚህ ሌላ የለህም ወይ ብለው ይታያልን ያዙት።

ይታያል የሰፈሩን ለቅሶና ሠርግ ሁሉ የሚያነሣ እሱ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፈለጉ፣ ፈለጉ። ደምለው የለም። የዕድሩ ሰው ሁሉ አለ፣ ደምለው የለም። ኋላ አገሬ ከበሩ ላይ ሆና፣ በጣቷ፣ እዚያ ጋ አለች። በአንዱ ለቅሶ ላይ ከድንኳኑ ጥግ አንድ እጅ ይታያል፤ በሌላው ክርን፤ በሌላው ከሸራው ሥር አንድ ጫማ። ነፋስ ባለበት በኩል ያለውን ማዕዘን የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ነው። ሰው ፎቶ ሲነሣ ምሰሶ የያዘ ሰው ለቆ አይመጣም።

«ቀጥል» አሉ ነገረ ፈጁ።

የመጨረሻው የአስማማው እናት ለቅሶ ነበር፤ ደምለው ከተኛ በኋላ። የሰኔ ዝናብ ነው። ድንኳኑ በነፋሱ በኩል ጎብጧል፤ ሸራው ውኃ ቋጥሮ እንደ ጡት ተንጠልጥሏል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ በዚያ ማዕዘን ያለው አግዳሚ ባዶ ነው፣ ውኃ ይወርድበታል። የማንም ፊት በደንብ አይታይም።

«ይኼ ነው» አሉ።

ይታያል ሳቀ፤ ከዚያ እንዳልቀለዱ ሲያውቅ ተናደደ። ሰው ለድንኳን ይሰጣል ወይ አለ። በሽተኛ የሌለበት የበሽተኛ ባነር የት አገር ታይቷል? ነገረ ፈጁ ወደ አገሬ ዞረው፣ ባልሽ ነው፣ አንቺ ትፈርጃለሽ አሏት።

አገሬ ሥዕሉን አየችው። እሷም በዚያ ድንኳን ውስጥ ነበረች። ያን ዕለት ሰዉ እግሩን ከውኃው እየሰበሰበ ማንም የደምለውን ስም አላነሣም፤ ግን ሁሉም በየተራ ወደዚያ ማዕዘን ዞሮ አይቶ ነበር። ቱቦው ያስለቅሳል፤ ያ እርግጥ ነው። ይኼኛው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል። ከተሳሳተች ሌላ ቅዳሜ ላይኖር ይችላል።

«ቱቦውን አውርደው» አለችው ይታያልን። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ጽሑፉም ይጠር። እኔ የማነበው ይሁን።»

ከሥሩ ደምለው ታሟል ተብሎ ተጻፈ። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱንም ቃል አነበበቻቸው፤ አልጠፋባትም።

ዓርብ ሙሉ ግን ተጸጸተች። ሦስት ጊዜ ልትመልሰው ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ደምለው ምን ሆነሽ ነው የምትንቆራጠጪው፣ ነገረ ፈጁ ተጋቡብሽ እንዴ አላት።

ቅዳሜ መኪናው ባነሩን ግራና ቀኝ ለብሶ ገበያ ገባ። ጭቃ ነው፤ አህያና ሰው ይጋፋል። ሞንታርቦው ይጮኻል። ሰዉ ቀና ይላል፣ ድንኳኑን ያያል፣ ግራ ይገባዋል፣ ያልፋል። ይታያል አገሬን አየት አደረጋት፤ ብዬሽ ነበር አላላትም፣ ፊቱ ላይ ግን ተጽፏል። ከዚያ የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ነገረ ፈጁ መጡ።

ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። ነጠላቸውን አሸረጡ። ሞንታርቦውን ዝጉት አሉ፤ ተዘጋ።

«ተጠየቅ።»

አገሬ የመኪናውን ጎማ ተደገፈች። ራሳቸው መርጠውት ራሳቸው ሊከሱት ነው። አመል ነው፣ አይችሉትም ብላ አሰበች። አመል ሰው ይገድላል።

«አንተ ሥዕል» አሉ፣ «ማንንም አላሳየኸኝም። ፊት የለህም። ዋስህ ማነው?»

መልስ የሰጠ ሥዕል ታይቶ አያውቅም። ነገረ ፈጁም አልቸኮሉም፤ እንደ ወትሮው ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው አልመለሱም። ጠበቁ። ያን ያህል ሲጠብቁ ታይተው አያውቁም።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። አስማማው ነው። በሰው መሀል እየተጋፋ ወጣ። «የናቴ ለቅሶ ነው ይኼ። ያ ማዕዘን የደምለው ነው። እሱ ቢኖር ለቀስተኛዬ አይበሰብስም ነበር።»

«ምስክር ቁጠር።»

ጠላ ሻጯ ደብሪቱ ጋኗን ትታ ተነሣች። ባሌን የቀበርኩ ለት እስኪነጋ ነፋስ ነበር፣ ያ ማዕዘን ግን አልተነቃነቀም አለች። ከጀርባዋ አንድ ሽማግሌ የልጄ ጊዜም እሱ ነው አሉ። ከእህል ተራው ሌላ፣ ከበግ ተራው ሌላ። ከሩቅ የመጣ አንድ ገበሬ ድንኳኑ ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ባንድ ላይ ይነግረው ጀመር። ስጡ ያለ አንድም ሰው የለም፤ ባነሩም አላለ፣ ነገረ ፈጁም አላሉ። ዕድሩ የዘረጋው ጋቢ ላይ ግን ሰዉ እየተጋፋ እጁን ዘረጋ።

አገሬ የጠበቀችው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር፤ የእንባው። አልጠየቁም። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። አስማማው ጠጋ ብሎ፣ ጋሼ ዛሬ እኮ ተረቱ አላቸው። ሂድ ከዚህ አሉት፤ የሰጡት መልስ ይኸው ብቻ ነው።

ደምለው ከወንድሙ ከታረቀ ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ለሦስት ሰው ማደሪያ ስላልተገኘ አገሬ ከማርቲ ጋር ቀረች። ልቡ በተሠራ ሰሞን እዚህ የደብሪቱ አማት አረፉ። ድንኳኑ ወጣ። ዝናቡም እንደ ልማዱ ለቅሶ ሰምቶ መጣ።

አገሬ ለቅሶ ስትደርስ የነፋሱን ማዕዘን አየች። ክቡር ነገረ ፈጅ አምደሚካኤል ምሰሶውን እንደ ጠፋ ዘመድ በሁለት እጃቸው አቅፈውት ቆመዋል። ከዘራቸው ጭቃ ላይ ወድቋል፤ ነጠላቸው ተጨምቆ የሚጠጣ ነው። ወጣቶቹ እኛ እንያዝ ቢሏቸው አልለቅም አሉ። ድንኳኑም ያው ጎብጧል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል። ይታያል ስልኩን ሲያነሣ አዩትና ግንባራቸውን ቋጠሩበት፤ ስልኩን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በዚህ መሀል የአገሬ ስልክ ጠራ። ታረቀ ነው፤ ቆይ ላገናኝሽ አላት። የደምለው ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ። ደህና ነኝ አለ። ማርቲን ጠየቀ። የዝናቡን ድምፅ ሰምቶ የት ነሽ አላት፤ ለቅሶ ላይ መሆኗን ነገረችው። «ማዕዘኑን ማን ያዘው?» አለ።

«ነገረ ፈጁ።»

«ማን?»

«ጋሼ አምደሚካኤል። አቅፈውታል።»

«አቅፈውት?» አለ። ሳቁ ጀምሮ ተቋረጠ፤ ስፌቴ፣ ስፌቴ፣ አታስቂኝ አለ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና፣ ምሰሶ እንደዚያ አይያዝም፣ ከሥሩ ድንጋይ ያስደግፉበት በያቸው አላት።

አገሬ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ተነሥታ ቆመች። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ ከድንኳኑ ወዲህኛው ጫፍ ሆና፣ ድምፅዋን ከዝናቡ በላይ አወጣች።

«ጋሼ፣ ደምለው ከሥሩ ድንጋይ ያስደግፉበት ብሏል።»

ነገረ ፈጁ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ፈለጉ።